የፓርቲዎች ፖሊሲና ደህንነታችን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምርጫ በመጣ ቁጥር ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ሰብስበን መልሰናል፤ ዓመቶቹም ወሮቹና ቀኖቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የህዝብ ደህንነት እና ብሔራዊ ደህንነት አንድ ነገር ናቸው?

አይደሉም፤ ግን ይነካካሉ። የህዝብ ደህንነት ሲባል ማታ ከስራ ስትመለሱ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ቤት ቢሰበር ፖሊስ ይመጣል ወይ፣ እሳት ቢነሳ የሚደርስ አለ ወይ የሚለው ነው። ፖሊስ፣ ዓቃቤ ህግ፣ ፍርድ ቤት፣ ማረሚያ ቤት፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ እዚህ ይገባሉ። ብሔራዊ ደህንነት ደግሞ አገር እንዳትወረር፣ እንዳትፈርስ፣ መብራቷና ባንኳ በሳይበር ጥቃት እንዳይቆም የሚሰራው ስራ ነው። ይህን የሚሰሩት መከላከያ፣ የስለላ ተቋም፣ ድንበር ጥበቃና ዲፕሎማሲ ናቸው።

ልዩነቱን መያዝ ይጠቅማል። ፖለቲከኞች አንዱን በሌላው መሸፈን ይወዳሉና። ስለ ሞባይል ነጠቃ ተጠይቆ ስለ ድንበር የሚያወራ ተመራጭ ጥያቄውን አልመለሰም። ደግሞም በብዙ አገር የመንገዱ ፖሊስ ተጠሪነቱ ለከተማ ወይም ለክልል አስተዳደር ነው፤ ጦሩና ስለላው ግን የማዕከላዊው መንግስት ነው። ለየትኛው ምርጫ፣ ማንን በምን እንደምትጠይቁ ከዚህ ተነስታችሁ ታውቃላችሁ።

የፓርቲ ፖሊሲ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል ወይስ ወሬ ነው?

ያመጣል። ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም፤ በተባለው ፍጥነትም አይመጣም። የአሜሪካን የ1990ዎቹ ታሪክ እንይ። ከባድ ወንጀል በ1991 ጣሪያ ነካ። ከዚያ ዓመት በዓመት እየወረደ ሄደ። ሪፐብሊካኖች «ወንጀለኛውን አስረን ስላስቀመጥን ነው» አሉ። ዴሞክራቶች ደግሞ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በ1994 የፈረሙትን ህግ አነሱ። ህጉ 100,000 ፖሊስ ለመቅጠር ገንዘብ የመደበ ነበር። ሁለቱም ጥቂት እውነት ይዘዋል። ነገር ግን ወንጀሉ መውረድ የጀመረው ህጉ ሳይወጣ በፊት ነው። ጎረቤት ካናዳም እስር ቤቶቿን እንደ አሜሪካ ሳትሞላ በዚያው ዘመን ወንጀሏ ቀንሷል።

የወጣቱ ብዛት፣ የስራ ሁኔታ፣ የዕፅ ገበያውና ሰው በፖሊስ ላይ ያለው እምነት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ግድያ በአንድ ዓመት 30 በመቶ ገደማ ሲዘል፣ የዘለለው ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም በሚያስተዳድሯቸው ግዛቶች ነበር። ያኔ አንዱን ፓርቲ ብቻ መርጦ ተጠያቂ ማድረግ ከማስረጃው ጋር አይሄድም።

እንዲህ ሲባል ግን «ማንም ቢመረጥ ያው ነው» ማለት አይደለም። አንዳንድ ውሳኔ በወራት ውስጥ የሰው ህይወት ይቀይራል። የጦር መሳሪያ ህግ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ወደ ጦርነት መግባት እንደዚያ ናቸው። እኔ የምለው፣ የምታወዳድሩት የፓርቲውን ስም ሳይሆን ያን አንድ እርምጃ ይሁን።

ቀኝ ዘመም ጠንካራ፣ ግራ ዘመም ለዘብተኛ ነው የሚባለው እውነት ነው?

በንግግር ደረጃ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ቀኝ ዘመሞች ስለ ቅጣት፣ ስለ ፖሊስና ስለ ድንበር ያወራሉ። ግራ ዘመሞች ስለ ድህነት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ህክምና ያወራሉ። ስልጣን ላይ ሲወጡ ግን ነገሩ ይደበላለቃል።

አውስትራሊያ ውስጥ በ1996 ጠንካራውን የጦር መሳሪያ ቁጥጥር ያመጡት ወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ናቸው። ጀርመን በ2022 ለጦሯ የ100 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ ያቋቋመችው በሶሻል ዴሞክራቱ ኦላፍ ሾልዝ ዘመን ነው። የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቶች ለረጅም ዘመን የቆሙለትን የገለልተኝነት መስመር ትተው በዚያው ዓመት የምዕራባውያን ወታደራዊ ህብረት ለሆነው ለኔቶ አመለከቱ፤ አገሪቱም በ2024 አባል ሆነች። በ1972 ቤጂንግ ድረስ ሄደው ከኮሚኒስት ቻይና ጋር በር የከፈቱት ደግሞ ኮሚኒዝምን አጥብቀው በመቃወም ስማቸው የተነሳው ሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ኒክሰን ናቸው። የፓርቲው ስም ብዙም አይነግራችሁም።

ወንጀል ጨመረ፣ ቀነሰ የሚለው ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው?

በዋናነት ከሦስት ቦታ ነው። አንደኛው የፖሊስ መዝገብ ነው። ሁለተኛው ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ «ባለፈው ዓመት ወንጀል ተፈጽሞባችኋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥናት ነው። ሦስተኛው የሆስፒታልና የሞት መዝገብ ነው። ሦስቱ ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም።

የፖሊስ መዝገብ የሚያሳየው ሰው ያመለከተውንና ፖሊሱ የጻፈውን ብቻ ነው። ሰው ፖሊስን ካላመነ አያመለክትም፤ ቁጥሩም ያምራል። በአንጻሩ መንግስት ጥሩ ስራ ሰርቶ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ስዊድን በ2005 የመድፈር ወንጀልን የህግ ትርጉም አሰፋች፤ አቆጣጠሯም እያንዳንዱን ድርጊት ለየብቻ የሚመዘግብ ነው። ይህን ሳያውቅ የስዊድንን ቁጥር ከሌላ አገር ቁጥር አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ተሳስቶ ያሳስታል። የእንግሊዝና ዌልስ የፖሊስ መዝገብም በ2014 የይፋ ስታቲስቲክስ የጥራት ማዕረጉን ተነጥቋል። ምክንያቱ ፖሊሶች አንዳንድ አቤቱታ ሳይመዘግቡ እንደሚቀሩ መታወቁ ነው።

አንድ ቁጥር ብቻ እንድትመርጡ ብትገደዱ የግድያን ቁጥር ምረጡ። የሞተ ሰውን መደበቅ ከባድ ነው፤ በፖሊስም በጤና ተቋምም ስለሚመዘገብ አንዱን በሌላው ማጣራት ይቻላል።

«በእኛ ዘመን ወንጀል በግማሽ ቀነሰ» ሲባል ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ «ከየትኛው ዓመት ጀምሮ?» በሉ። አንዲት ከተማ አለች እንበል። በአራት ተከታታይ ዓመታት 30፣ 34፣ 60 እና 32 ግድያ ተመዘገበባት። ገዢው ፓርቲ «ከ60 ወደ 32 አወረድን» ይላል። ተቃዋሚው «ከ30 ወደ 32 አደገ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ግን እውነቱን አልነገሯችሁም፤ እውነቱ አንድ ክፉ ዓመት መጥቶ ማለፉ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የአስር ዓመት መስመር ካላያችሁ አትፍረዱ።

ቀጥሎ «የትኛው ወንጀል?» በሉ። የኪስ ስርቆት ወርዶ የቤት ውስጥ ጥቃት ሊጨምር ይችላል። የመኪና ስርቆት ቀንሶ የኢንተርኔት ማጭበርበር ሊያብጥ ይችላል። በመጨረሻም ቁጥሩ ለ100,000 ሰው ተሰልቶ እንደሆነ እዩ፤ ህዝቧ በፍጥነት የሚያድግ ከተማ ላይ ጥሬ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም።

ፖሊስ የጨመረ ፓርቲ ወንጀል ይቀንሳል?

ፖሊስ መኖሩ ወንጀል ይቀንሳል። ይህ በብዙ ጥናት የታየ ነው። ነገር ግን የት ቆሞ፣ ምን እየሰራ የሚለው ከቁጥሩ እኩል ይመዝናል። በ1972 እና 1973 በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ የተደረገ ሙከራ ይታወሳል። የከተማዋን አንድ ክፍል በሦስት ምድብ ከፈሉት። በአንዱ የዘወትር የመኪና ቅኝት ቆመ፤ ፖሊስ የሚገባው ሲጠራ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው እንደነበረ ቀጠለ። በሦስተኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ጨመረ። በወንጀሉም ሆነ በነዋሪው ፍርሃት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ዝም ብሎ በመኪና መዞር ውጤት አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ወንጀል በሚበዛባቸው ጥቂት መንገዶችና ማዕዘኖች ላይ ማተኮር እንደሚሰራ አሳይተዋል።

የእንግሊዝና ዌልስ ታሪክም ብዙ ያስተምራል። በወግ አጥባቂዎች የሚመራው መንግስት ከ2010 በኋላ በጀት ሲቆርጥ የፖሊሶች ቁጥር በ20,000 ገደማ ወረደ። በ2019 ያው ፓርቲ «20,000 አዲስ ፖሊስ እንቀጥራለን» አለ፤ በ2023ም አሟላሁ አለ። ልምድ ያለው ፖሊስ ግን በገበያ አይገዛም። የሚለቁትን ለመተካት ጭምር ከ40,000 በላይ ምልምል መግባት ነበረበት፤ ስለዚህ ብዙ ጣቢያ በጀማሪ ተሞላ። የምርጫ ቃል ሲሰጣችሁ «አዲስ ነው ወይስ የቆረጣችሁትን እየመለሳችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ማን ያሰለጥናቸዋል?» የሚለውንም ጨምሩበት።

ቅጣት ቢከብድ ወንጀለኛ አይፈራም?

ይህ ጥያቄ ተጎጂ ቤተሰብ ሲጠይቀው ልብ ይነካል። ፍትህ መፈለግ ትክክል ነው። ስለ መከላከል ካወራን ግን ማስረጃው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። ሰውን የሚያስፈራው «ሃያ ዓመት ይፈረድብኛል» የሚለው ሳይሆን «እያዛለሁ» የሚለው ነው። ከአስር ሌባ አንዱ ብቻ በሚያዝበት ቦታ ቅጣቱን ከአምስት ወደ አስር ዓመት ብታሳድጉት፣ ዘጠኙ ምን ያስፈራቸዋል?

ካሊፎርኒያ በ1994 «ሦስተኛ ጥፋት» የሚባል ህግ አወጣች። ከዚህ ቀደም በሁለት ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ሦስተኛውን ከባድ ጥፋት ከፈጸመ፣ ሦስተኛው ጥፋት የኃይል ወንጀል ባይሆንም፣ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይፈረድበታል። አንድ ሰው ከሱቅ ሦስት የጎልፍ ዱላ ሰርቆ ይህ ፍርድ ተፈረደበት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2003 አጸናው። እስረኛው እያረጀ፣ ወጪው እያደገ መጣ። በ2012 መራጩ ራሱ በህዝበ ውሳኔ ህጉን አለዘበው። ስለ ቅጣት ብቻ የሚያወራ ፓርቲ ሲገጥማችሁ፣ ከመቶ የወንጀል አቤቱታ ስንቱ ተጣርቶ ፍርድ ቤት እንደሚደርስ ጠይቁት። እሱን የሚያሻሽል እቅድ ያለው ፓርቲ ይሻላል።

የጦር መሳሪያ ቁጥጥር ህግ ይሰራል?

በየአገሩ ይለያያል፤ ከተሳካላቸው ግን እንጀምር። በሚያዝያ 1996 አውስትራሊያ ውስጥ ፖርት አርተር በሚባል ቦታ አንድ ታጣቂ 35 ሰው ገደለ። መንግስቱ በሳምንታት ውስጥ ፈጣን ተኳሽ መሳሪያዎችን አገደ፤ 650,000 ገደማ መሳሪያም ከህዝብ ገዝቶ ሰበሰበ። በተከታዮቹ ሃያ ዓመታት ያን የሚያህል እልቂት አልተደገመም። በመሳሪያ ራስን ማጥፋትም ቀነሰ። መውረዱ ከህጉ በፊት የጀመረ ስለሆነ የህጉ ድርሻ ስንት ነው በሚለው ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ኒውዚላንድም በመጋቢት 2019 ክራይስትቸርች ውስጥ 51 ሰው ሲገደል በወር ውስጥ ተመሳሳይ ህግ አወጣች። እዚያ ስልጣን ላይ የነበረው የሌበር ፓርቲ ነው፤ ከአንድ ተወካይ በቀር ምክር ቤቱ በሙሉ ደገፈው።

ሁለቱም በባህር የተከበቡ፣ ቢሮክራሲያቸው የሚሰራ አገሮች መሆናቸውን አትርሱ። ረጅም ድንበር፣ የኮንትሮባንድ መሳሪያና ደካማ ምዝገባ ባለበት ቦታ ህጉ ቀድሞ የሚያስፈታው ህግ አክባሪውን ነው። እዚያ «እናግዳለን» የሚል ፓርቲ ኮንትሮባንዱን በምን እንደሚቆጣጠር፣ መሳሪያውን ላስረከበው ሰውም ማን ከለላ እንደሚሆን ካልነገራችሁ እቅዱ ግማሽ ነው።

ስደተኛ ሲቀንስ ወንጀል ይቀንሳል?

ቀጥተኛ መልስ የለውም፤ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጧችሁን ጠርጥሩ። አሜሪካ ውስጥ የሚደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩት፣ በውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች እዚያው ከተወለዱት ባነሰ መጠን እንደሚታሰሩ ነው። ስዊድንና ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ ይፋዊው መዝገብ የውጭ ተወላጆች ከቁጥራቸው በላይ በወንጀል እንደሚጠረጠሩ ያሳያል። ሁለቱም እውነት ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ማን መጣ፣ በስንት ዓመቱ መጣ፣ መስራት ተፈቅዶለታል ወይ የሚለው ነው። ወንጀል የትም ቦታ በብዛት የወጣት ወንዶች ነገር ነው። ወጣት ወንዶችን ለዓመታት ያለ ስራ ፈቃድ ካምፕ ውስጥ የሚያስቀምጥ ፖሊሲ ከየትም ይምጡ ችግር ይወልዳል። ስለዚህ ስለ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ከገቡ በኋላ ስላለው እቅድ ጠይቁ። እነዚህ ሰዎች የሚሰደብ ስም ብቻ አይደሉም፤ ራሳቸውም የወንጀል ተጎጂ ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ «ያባርሩኛል» ብለው ፖሊስ ጋ አይሄዱም።

ለመከላከያ ብዙ በጀት የሚመድብ ፓርቲ አገር በተሻለ ይጠብቃል?

ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አገር አያድንም። የኔቶ አባላት በ2014 ዌልስ ላይ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 2 በመቶውን ለመከላከያ ለማዋል ተስማሙ፤ በ2025 ሄግ ላይ ደግሞ በ2035 ወደ 5 በመቶ ለማድረስ። እንዲህ ያለ መቶኛ ለፖለቲካ ይመቻል፤ አንድ ቁጥር ነው፤ ቀላል ነው። ገንዘቡ ግን ለጥይት ይውላል ወይስ ለጡረታ፣ ለጥገና ይውላል ወይስ ለሰልፍ ማሳያ፣ መቶኛው አይነግራችሁም።

በአፍጋኒስታን የሆነውን አስቡ። አሜሪካ ለአፍጋን ጦርና ፖሊስ በሁለት አስርት ዓመታት ከ80 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። በወረቀት ላይ ብዙ ወታደር ነበር። ከፊሉ ደመወዙን አዛዥ የሚበላበት፣ በአካል የሌለ ወታደር ነበር። በነሐሴ 2021 ጦሩ በቀናት ውስጥ ተበተነ። ይህ በሪፐብሊካንም በዴሞክራትም ፕሬዚዳንቶች ዘመን የተገነባ ጦር ነው። የመከላከያ በጀት ላይ ኦዲተር የማይገባበት አገር ውስጥ «በጀት ጨመርን» የሚለው ዜና ሊያስደስታችሁ አይገባም።

ያልደረሰ ጥቃት አይታይም። ታዲያ ብሔራዊ ደህንነትን በምን እንመዝን?

እዚህ ጋ ነገሩ ይከብዳል። መንግስት «ጥቃት ያልደረሰው እኔ ስላለሁ ነው» ሊል ይችላል፤ ማስተባበል አይቻልም። ጥቃት ከደረሰም «ባልኖር ይብስ ነበር» ይላል። ስለዚህ ውጤቱን ብቻ ከማየት አሰራሩን ማየት ይሻላል። ተቋማቱ መረጃ ይለዋወጣሉ? ሹመቱ በችሎታ ነው ወይስ በታማኝነት? ስህተት ሲፈጠር ነጻ ምርመራ ይደረጋል?

ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ አሜሪካ ያደረገችው ምርመራ ጥሩ ምሳሌ ነው። አጣሪ ኮሚሽኑ አስር አባላት ነበሩት፤ አምስቱ ሪፐብሊካን፣ አምስቱ ዴሞክራት። በሐምሌ 2004 ሪፖርቱን ለህዝብ አወጣ። ከጠላፊዎቹ ሁለቱን የስለላ ድርጅቱ ሲአይኤ ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ያውቃቸው ነበር፤ መረጃው ግን ለአገር ውስጥ መርማሪው ኤፍቢአይ በጊዜው በወጉ አልደረሰም። ክፍተቱ በክሊንተንም በቡሽም ዘመን የነበረ ነው። አንዱ ፓርቲ ብቻ ቢመረምረው ኖሮ ሌላውን ከስሶ ያልፍ ነበር።

«ሚስጥር ነው፣ እመኑን» ሲሉን ማመን አለብን?

ሁሉም ነገር በአደባባይ ሊወጣ አይችልም፤ ያ ልክ ነው። ግን «ለህዝብ ሚስጥር ነው» ማለትና «ማንም አያየውም» ማለት ይለያያሉ። ጀርመንም ብሪታኒያም የስለላ ተቋማቸውን የሚቆጣጠር የምክር ቤት ኮሚቴ አላቸው፤ ተቃዋሚዎችም ይቀመጡበታል፤ ሚስጥሩን ያያሉ፤ አያወጡም። ፓርቲዎችን ስታወዳድሩ ይህን ኮሚቴ ማን ያጠናክራል፣ ማን ያዳክማል የሚለው ትልቅ ነጥብ ነው።

በ2003 የኢራቅ ጦርነት ሲጀመር መከራከሪያው ሳዳም ሁሴን ጅምላ ጨራሽ መሳሪያ አለው የሚል ነበር። ማስረጃው ሚስጥራዊ ነው ተባለ። መሳሪያው አልተገኘም። ብሪታኒያ ጉዳዩን መርምራ ሙሉ ሪፖርቱን ያወጣችው በ2016 ነው፤ ሰው ከሞተ፣ አገር ከፈረሰ ከ13 ዓመት በኋላ።

ከምርጫ በፊት ጥቃት ሲደርስ እንዴት እንፍረድ?

በችኮላ ባለመፍረድ ነው። መጋቢት 11 ቀን 2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች ላይ ቦንብ ፈንድቶ ከ190 በላይ ሰው ሞተ። ምርጫው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። መንግስቱ ኢታ የተባለውን የባስክ ታጣቂ ቡድን ከሰሰ፤ ፖሊስ ግን ወደ እስላማዊ አክራሪዎች የሚያመለክት ማስረጃ ሲያገኝም አቋሙን ቶሎ አልቀየረም። መራጩ ህዝብ ሰዓት በሰዓት ይከታተል ነበር። ገዢው ፓርቲ ተሸነፈ።

ብዙዎች ያን ምርጫ «ህዝቡ ፈርቶ ነው» ይሉታል። እኔ ግን ትልቁ ጉዳይ የታማኝነት ነበር ብዬ አምናለሁ። እንደዚያ ባለ ሰዓት የምትመዝኑት ጥቃቱ በማን ዘመን ደረሰ የሚለውን ብቻ አይሁን፤ መንግስቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ ነገራችሁ ወይ የሚለውንም መዝኑ።

ጠንካራ እጅ ውጤት ካመጣ ምን ችግር አለው?

ይህን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ በወንጀል የተማረሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በክብር መመለስ አለበት። ኤል ሳልቫዶር በ2015 ለ100,000 ሰው ከ100 በላይ ግድያ የሚመዘገብባት አገር ነበረች። የወንጀለኛ ቡድኖች ከየሱቁ ግብር ይሰበስቡ ነበር፤ ሰው ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ መሻገር ይፈራ ነበር። በመጋቢት 2022 በአንድ የሳምንት መጨረሻ 87 ሰው ሲገደል የፕሬዚዳንት ናይብ ቡኬሌ መንግስት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከ80,000 በላይ ሰው ታሰረ። በ2023 ግድያው በመንግስት ቁጥር ለ100,000 ሰው ከ3 በታች ወረደ። ልጅ መንገድ ላይ መጫወት ቻለ። ህዝቡም በ2024 በሰፊ ድምፅ መልሶ መረጣቸው። ይህ እውነት ነው፤ መካድ አይቻልም።

ሌላውም እውነት ነው። ግድያው መውረድ የጀመረው ከአዋጁ ዓመታት በፊት ነው፤ በ2021 ወደ 18 ደርሶ ነበር። አዋጁ ለ30 ቀን የወጣ ሲሆን በየወሩ እየታደሰ ዓመታት ዘልቋል። ንጹህ ሆነው ከተገኙ በኋላ የተፈቱ ሺዎች መኖራቸውን መንግስቱ ራሱ አምኗል፤ ያለ ፍርድ እስር ቤት ውስጥ የሞቱም አሉ። ህገ መንግስቱ ተከታታይ ዳግም ምርጫን ይከለክል ነበር፤ ክልከላውን ያነሱት ገዢው ፓርቲ በሚቆጣጠረው ምክር ቤት የተሾሙ ዳኞች ናቸው። በ2025 ደግሞ ምክር ቤቱ ያለ ገደብ መመረጥን ፈቀደ።

ስለዚህ ጥያቄው «ይሰራል ወይስ አይሰራም?» ብቻ አይደለም። ልጃችሁ በስህተት ቢያዝ የምታመለክቱበት ዳኛ አለ? ይህን ስልጣን ነገ የምትጠሉት ፓርቲ ቢረከበውስ? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ከየትኛውም ማኒፌስቶ ጋር አብራችሁ ያዙት።

ጊዜያዊ የተባለ ስልጣን በእርግጥ ያበቃል?

ሁልጊዜ አያበቃም። ፈረንሳይ በህዳር 2015 ከፓሪሱ ጥቃት በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። በሶሻሊስቱ ፍራንስዋ ኦላንድ ተጀምሮ፣ በኢማኑኤል ማክሮን ዘመን በ2017 መጨረሻ ተነሳ። ሊነሳ ሲል ግን ከስልጣኖቹ ብዙዎቹ ወደ መደበኛው ህግ ገቡ። የሚያበቃበት ቀን በአንቀጽ የተጻፈበት፣ ሲታደስም በድምፅ ብቻ ሳይሆን በሪፖርት የሚታደስ ህግ የሚያወጣ ፓርቲ ይሻላል።

ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች ከተስማሙ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው?

ሰው ይህን ሲሰማ ይረጋጋል። እኔ ግን በይበልጥ የምነቃው ያኔ ነው፤ ጠያቂ የለምና። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ የአሜሪካ መንግስት ሰፊ የክትትል ስልጣን የሚሰጠውን የፓትሪዮት ህግ ሲያወጣ ከጥቃቱ 45 ቀን ብቻ አልፎ ነበር። ሴኔቱ 98 ለ1 አጸደቀው። ብቸኛው ተቃዋሚ የዊስኮንሲኑ ዴሞክራት ራስ ፋይንጎልድ ነበሩ።

ህጉ ላይ ተመስርቶ መንግስቱ የሚሊዮኖችን የስልክ ጥሪ መዝገብ፣ ማን ለማን መቼ እንደደወለ፣ በጅምላ ይሰበስብ ነበር። ህዝቡ ይህን ያወቀው በ2013 መረጃው ሾልኮ ሲወጣ ነው። በጥር 2014 የመንግስቱ የራሱ ነጻ የግላዊነት ቦርድ ፕሮግራሙን መረመረ። ፕሮግራሙ የአንድም የሽብር ምርመራ ውጤት ላይ ተጨባጭ ለውጥ ያመጣበት አጋጣሚ አላገኘም። በ2015 ምክር ቤቱ የጅምላ ስብሰባውን አስቆመ፤ ያስቆሙትም የሁለቱም ፓርቲ አባላት ነበሩ፤ ፋይንጎልድ በዚያን ጊዜ ወንበራቸውን በምርጫ ካጡ ዓመታት አልፈዋል።